የሠርጌ መኪና ዘይትና የአለማያ ብርድ

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ብርድ ሲያወራ ብትሰሙ አትመኑት። እኔ ራሴ ጎረምሳ ሆኜም ብርድ ማለት ዝናብ ከጣለ በኋላ ከዚራ በምንለው ሠፈር ዛፎች ሥር የምትነፍሰው ነፋስ ትመስለኝ ነበር። እሷን ፈርተን ሹራብ የምንደርብ ጉዶች ነን። ቅቤ እንኳ የምናውቀው በጠርሙስ ነው። ቀፊራ ገበያ ቅቤ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ጠርሙሱን ይዞ ሄዶ እንደ ላምባ አስቀድቶ ይመለሳል። ቅቤ የሚረጋ ነገር መሆኑን የነገረችኝ ሚስቴ ናት። ያኔ ገና ሚስቴ አልነበረችም፤ ሳትሆን ልትቀርም ለጥቂት ነበር። ምክንያቱ ደግሞ የሞተር ዘይት ነው።

ይኼን ስል ሰው ይስቅብኛል። ሚስቴም ትስቃለች። ይሳቁ፣ መብታቸው ነው። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም።

ነገሩ በንጉሡ ዘመን ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈው፣ ከተማዋ ሞቅ ሞቅ ባለችበት ጊዜ። ከዚራ ውስጥ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። የጋራዡ ባለቤት እዚያው ድሬ የተወለዱ ግሪክ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም በፈረንሳይኛው፣ ጌታዬ ለማለት፣ ሙሴ ነበር የምንላቸው። በግቢው ጥግ፣ በሸራ ተሸፍና፣ አንዲት ቀይ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ቆማለች። ጣሪያ የላትም፣ ቁመቷ ከወገቤ አይበልጥም፣ አፍንጫዋ ግን እስከ በሩ ይደርሳል። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ለሙሴ የተዋት ናት። አንድ ቀን ሲቀልዱ፣ "ካስነሳሃት በሠርግህ ቀን ትነዳታለህ" አሉኝ። እሳቸው እንኳን ሠርግ፣ እጮኛም እንደሌለኝ ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ነገር አልረሳም። ከሥራ በኋላ እየቆየሁ፣ የጠፋውን ዕቃ ከሌላ መኪና እየፈለግሁ፣ ያላገኘሁትን በሞረድ እየቀረጽሁ አስነሳኋት። ስትነሳ ድምፅዋ ደቻቱ ወንዝ ድረስ ተሰማ ይባላል። ያጋነኑት ሌሎች ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

እጮኛዋም መጣች። አክስቷ የጋራዣችን ጎረቤት ነበሩ። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ በባቡሩ መስመር ላይ የጣቢያ ሹም ሆነው የኖሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ደረታቸው ሙቀቱን እንቢ ስላላቸው ወደ አለማያ የወጡ ሰው ናቸው። ልጅቷንም ይዘዋት ወጡ። እሷ ግን በየበዓሉ አክስቷ ጋ ትወርድ ነበር፤ ስትወርድ ደግሞ በጋራዡ በር በኩል ታልፋለች። ሌላ መንገድ ነበራት፤ ይኼን ዛሬም ትክዳለች።

ሽማግሌ ላክሁ። የላክኋቸው ሽማግሌዎች የድሬ ሰዎች ናቸውና መንገድ ላይ እዚህም እዚያም ሻይ ሲሉ ከተባለው ሰዓት አሳልፈው ደረሱ። አባትየው የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው አዩና ምንም ሳይሉ መለሱት። ከዚያ፣ "ልጁ ምን ይሠራል?" አሉ።

"መኪና ይጠግናል።"

"ድሬዳዋ ውስጥ መኪና እጠግናለሁ የማይል ማን አለ?" አሉ። ሽማግሌዎቹ የቀይዋን መኪና ታሪክ ነገሯቸው። ሰሙና ፊታቸውን ቅጭም አድርገው ፈረዱ። "ይሁን። ሠርጉ በጥር ነው። በዕለቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ደጄ ላይ ይድረስ። የሚመጣውም አስነሳኋት በሚላት መኪና ይሁን፤ ሙያውንም ሰዓቱንም በዚያ አያለሁ። ከሦስት ሰዓት በኋላ በሬ ዝግ ነው።"

ጓደኞቼ ቀልድ ነው አሉኝ። አክስቷ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወንድሜ በሰዓት አይቀልድም። ባቡሩ ሲነሳ እየሮጠ የመጣውን የገዛ ታላቅ ወንድማችንን ጣቢያው ላይ ጥሎ ባቡሩን የለቀቀ ሰው ነው" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ቀጠነ። ልጅቷን እወዳት ነበር፤ እንዲያው ስታልፍ ሳያት እጄ ላይ ያለውን መፍቻ የት እንዳስቀመጥኩት ይጠፋብኛል። እሷን በአንድ የሰዓት ዘንግ ምክንያት ማጣት አልችልም።

ያን ሰሞን ለገና ወርዳ ነበር። በአክስቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስለ ሠርጉ ስናወራ፣ "መኪናህ ብርድ ትችላለች?" አለችኝ።

"መኪና ምን ብርድ አላት?"

"እኛ ጋ በጥር ጠዋት ቅቤ በቢላ ነው የምንቆርጠው። በሣሩ ላይ ውሃው ነጭ ሆኖ ያድራል።"

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። "ቅቤ እንዲህ ከሆነ ዘይትህስ?" አለች። እዚያው ላይ ሳቄ ቆመ። አያችሁ፣ መካኒኩ እኔ ነኝ፣ ጥያቄውን የጠየቀችው እሷ ናት።

ዘይት እንግዲህ በቁጥር ነው። ሃያ ቀጭን ነው፣ ሃምሳ ወፍራም ነው፣ ሠላሳና አርባ መሐል ላይ ናቸው። ድሬዳዋ ላይ ሃያ ሞተር ውስጥ የሚያስገባ ሰው የለም። በዚያ ሙቀት ቀጭን ዘይት ይብስ ቀጥኖ ውሃ ይሆናል፤ ብረት ከብረት ይፋተግና ሞተሩ ነክሶ ይቆማል። ስለዚህ የኛ ከተማ ሰው ዘይት ሲገዛ ጠብታ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አድርጎ ያሻል። ጣቱን ሲያላቅቅ ካልተለጠጠለት፣ "ይኼ ውሃ ነው" ብሎ ይመልሳል። እኔም እንደዚያ ነው ያደግሁት። አለማያ ግን ሌላ አገር ነው። ከታች ሲነሱ እሳት፣ ከላይ ሲደርሱ በረዶ፤ በመሐሉ ደንገጎ ያለው ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣል። ታችኛው ሃምሳ ይላል፣ ላይኛው ሃያ ይላል። ሞተሩ ግን አንድ ነው።

ሙሴን ጠየቅኋቸው። "ሠላሳ አድርግ" አሉና ትከሻቸውን ሰበቁ። ያ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፤ ሠላሳ እኮ ለሁለቱም የማይሆን ማለት ነው።

የሰው ወሬ አልበቃ ሲለኝ በዓይን ለማየት ፈለግሁ። ድሬና ጅጅጋ መሐል የሚመላለስ፣ መኪናውን እኛ ጋ የሚያሠራ አንድ ሶማሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሲወጣ አዴሌ ላይ ነው የሚያድረው፤ አዴሌ ከደንገጎ አልፎ አለማያ ሳይደርስ ያለች ቀዝቃዛ መንደር ናት። ሁለት ጠርሙስ ሞልቼ ሰጠሁት፣ አንዱ ሃያ አንዱ ሃምሳ። "ውጭ አሳድራቸውና ፀሐይ ሳትወጣ ገልብጠህ እያቸው" አልኩት።

ጠርሙሶቹን አየ፣ እኔን አየ። "አንቺ ልጅ፣ ፍቅር ይዞሻል" አለኝና ወሰዳቸው። ድሬ ላይ ወንዱን አንቺ ማለት መቀራረብ ነው፤ የሌላ አገር ሰው ይደነግጣል፣ እኛ አንተ ስንባል ነው የምንደነግጠው።

ሲመለስ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ነገረኝ። "ሃያው ወረደ። ሃምሳው፣ ወላሂ፣ የተኛ ግመል ነው። ብትለምኚውም ብትመቺውም አይነሳም።"

በቃ፣ ቆረጥኩ። ሃያ ነው። ዳገቱን ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ቀስ ብዬ፣ በየመታጠፊያው እያሳረፍኳት እወጣለሁ፤ ሙቀቱን እንዲህ አመልጠዋለሁ። ብርዱን ደግሞ ዘይቱ ይችልልኛል። በገዛ እጄ አሮጌውን አፍስሼ ሃያውን ሞላሁ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሰውየው ለገዛ ሠርጉ ውሃ ሞላ ተባለ። ሻይ ቤት ስገባ፣ "ስኳር ይጨመርልህ ወይስ ሃያ ዘይት?" ይሉኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ከሁሉ ያልቻልኩት ግን አንደኛ ሚዜዬን ነው። አብሮ አደጌ ነው፣ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነው፣ ለእሱ ዘይት ማለት በማንኪያ የሚበላ ነገር ነው። ወፍራም ካልሆነ ዘይት አይደለም። በየቀኑ እየመጣ ይለምነኛል። "ዳገቱ መሐል ብትነክስብሽስ? እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ሙሽራ በእግሩ ሊሄድ ነው?" ይለኛል። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። "ስለ ባቡርህ አውራ፣ የእኔን መኪና ተዋት" አልኩት። ዝም አለ። ዝም ማለቱ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር፤ ያ ሰው ሐሳቡን ሳይፈጽም ዝም ብሎ አያውቅም።

የሠርጉ ዋዜማ ደረሰ። የእኛ ሠፈር ልማድ የሙሽራውን መኪና የሚያጥቡትና የሚያስጌጡት ሚዜዎች ናቸው፤ ሙሽራው እጁን አያስገባም። ሚዜዬ ጠዋት ወሰዳት። ከሰዓት በኋላ ሲመልሳት ከከዚራ ግቢዎች ባስለቀመው ቀይና ነጭ አበባ ተከባ፣ መስታወት ሆና መጣች። አቅፌ ሳምኩት። ሸሚዙ ዘይት ዘይት ይሸታል፤ የመካኒክ ሸሚዝ ሌላ ምን ይሸታል ብዬ አለፍኩት።

ሽማግሌዎቹና ሌሎቹ ሚዜዎች በዚያው ቀን በአውቶቡስ ቀድመው ወደ አለማያ ሄዱ፤ ዘመድ ቤት ያድራሉ። እኔና አንደኛ ሚዜዬ በሁለቱ ወንበር ተከትለን ወጣን። በማግሥቱ ጠዋት ከድሬ እንነሳ ያልን እንደሆነ የጭነት መኪና መታጠፊያ ላይ ቢዘጋብን ሦስት ሰዓት ያመልጠናል ብዬ ፈራሁ። ሙሽራ በሙሽሪት መንደር ማደር ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ አዴሌ እንደር ተባባልን። አሁን ሳስበው፣ ፈሪ ባልሆን፣ ጠዋት ከሙቀቱ ተነስቼ በሞቀ ሞተር ቀጥ ብዬ ብሄድ ኖሮ ሃያ ሆነ ሃምሳ ሆነ ማንም አያውቅም ነበር።

ዳገቱን ወጣናት። መኪናዋ አንድም አልሞቀችም፣ አንድም አላጉረመረመችም። ድሬ ከታች ሜዳው ላይ ተዘርግታ ስናያት ልቤ በኩራት ተነፋ። "አየሽ ሃያውን? አየሽ ውሃውን?" አልኩት። ሚዜዬ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ፈገግ ብሎ ቀረ።

አዴሌ ላይ ሾፌሮች የሚያድሩባት የአንዲት ሴትዮ ቤት አለች። እዚያ አደርን። ማደር ካሉት ነው፤ እኔ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቤ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነጋ። ስወጣ የመኪናዋ ወንበር ላይ ነጭ ነገር ተነጥፏል። በጣቴ ነካሁት፣ ቀዘቀዘኝና ቀለጠ። ያቺ ልጅ እውነቷን ኖሯል አልኩ። አበባውም ጠውልጎ ጠቁሯል። ግን አልደነገጥኩም። ዘይቴ ሃያ ነው።

ገብቼ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ነካሁ። አንዴ "ኡ" አለና ዝም አለ። ደገምኩ። ከዚያ ያጠረ "ኡ"። ሚዜዬንና የሴትዮዋን ዘበኛ ይዤ አስገፋኋት፤ ማርሽ ሳስገባ ጎማው በረጠበው አፈር ላይ ተንሸራተተ እንጂ ሞተሩ ንቅንቅ አላለም። ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩ። ከጫፉ ላይ ዘይቱ ተንጠለጠለ። አይወርድም፣ አይንጠባጠብም፣ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ያየኛል።

"ይኼ ዘይት የእኔ አይደለም" አልኩ።

ሚዜዬ መሬት መሬት አየ። "ሃምሳ ነው" አለ። "ትናንት ቀየርኩት። ላንቺ ብዬ ነው። ዳገቱ ላይ ብትነክስስ? ሰው ፊት ብትዋረጂስ? የሠርግ ስጦታዬ እሱ ነው። ከገበያ ያለውን ወፍራም መርጬ ነው የገዛሁት።"

ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። እሱ ግን እስከ ዛሬ በቃሉ ይዞታል፣ ጨዋታ ሲሞቅ ቃል በቃል ይደግምልኛል። እየጮህኩ ሳለሁ አንድ ነገር አየሁ። ያን ሁሉ ስሰድበው አዲሱን የሚዜነት ኮቱን አውልቆ፣ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረና በነጭ ሸሚዙ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ውሃው ነጭ ሆኖ ባደረበት ሣር ላይ በጀርባው ተኛ። ከሥር ሆኖ፣ "ልናሞቀው ነው። ፍም አምጪ" አለኝ።

ቁጣዬ እዚያው ላይ በረደ አልልም፤ ግን ሄጄ ፍም አመጣሁ።

ቤንዚን አጠገብ ፍም ማስጠጋት የእብድ ሥራ ነው፣ ለማንም አልመክርም። ምርጫ አልነበረንም። ሴትዮዋ የከሰል ማንደጃዋን ሰጠችን። ፍሙን ቆርቆሮ ላይ ገልብጠን፣ አመድ አልብሰን፣ ዘይቱ ካለበት ከሞተሩ ሆድ ሥር አስገባነው። ዘበኛው በኦሮምኛ፣ መኪናውን ጠብሳችሁ ልትበሉት ነው ወይ ብሎ ጠየቀንና በራሱ ቀልድ ብቻውን ሳቀ። ሚዜዬ በባርኔጣው ያራግባል፣ ያስላል፣ ያራግባል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ጎረቤት ያሉት ልጆች መጥተው ከበቡን። ጊዜው ሩጫ ላይ ነው፣ ዘይቱ ግን አልቸኮለም።

በዚህ መሐል ከደንገጎ በኩል የጭነት መኪና እያጓራ መጣና ቆመ። ያው ሾፌራችን ነው። ወርዶ መኪናዋን አየ፣ ጭሱን አየ፣ ከሥር የወጡትን ሁለት እግሮች አየ። "ሃምሳ አደረግሽበት?" አለኝ። አንገቴ ላይ ያለው የደም ሥር መለሰለት መሰለኝ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠ።

"ነይ ግቢ፣ እኔ በሰዓቱ አደርስሻለሁ። ካልሆነም በገመድ ጎትቼ እወስዳታለሁ" አለ።

ሚዜዬ ከሥር ጭንቅላቱን አወጣ። ፊቱ ጠቁሯል፣ ሸሚዙ ከጀርባው ረጥቧል። "ሂጂ፣ እኔ እከተልሻለሁ" አለኝ።

እግሬን የጭነት መኪናው መውጫ ላይ አደረግሁ። አዎ፣ አደረግሁ። በሰዓቱ መድረስ እችላለሁ። ግን በዚያ ብደርስ፣ መኪናህስ ብለው ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ? ተጎትታ ብትመጣም ያው ነው፤ ተጎትታ የመጣች መኪና ተጠግናለች አይባልም። አባትየው ሁለት ነገር ነው ያሉኝ፣ ሰዓቱንና ሙያዬን። አንዱን ከመረጥኩ ሌላው ይቀራል። ሰዓቱ ደግሞ ከእጄ እየወጣ ነው፤ ሙያዬ ግን ገና እጄ ላይ ናት። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ያ ጅል ሚዜዬ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ትቼው ሄጄ ማንን ነው የማገባው? ሠርግ ያለ ሚዜ ምን ይሆናል?

እግሬን አወረድኩ። "አንተ ሂድ" አልኩት ሾፌሩን። "ከአለማያ ሐይቅ ማዶ ድንኳን የተጣለበት ቤት ነው። የጣቢያ ሹሙን ጠይቅና፣ ዘግይቷል፣ ግን ይመጣል በላቸው።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ሄደ። እኔም ኮቴን አውልቄ ገባሁ፣ ከሚዜዬ ጎን ተኛሁ። ተራ በተራ አራገብን። አንነጋገርም፤ በኋላ ግን በሁለታችንም ፊት ላይ ያለውን ጥላሸት ስናይ ሳቅ አመለጠን፣ ማቆምም አቃተን። ሦስት ሰዓት የሆነው እንደዚያ ስንስቅ ነው። ሰዓቴን አየሁት፣ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ የመለኪያውን ዘንግ ሳወጣ ዘይቱ ከጫፉ ጠብ አለ። ሁለተኛም ጠብ አለ። ፍሙን ጎትተን አወጣን። ሞተሪኖውን ስነካው እየከበደው፣ እያቃሰተ አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ተነሳ። ያ ድምፅ ለእኔ ከጡሩምባ በላይ ነው። ሴትዮዋ እልል አለች፣ እኛም ፊታችንን በጋቢዋ ጠርገን ኮታችንን ለብሰን ወጣን።

እስከ አለማያ ድረስ ነዳጁን ረግጬ ነዳሁ። በሩ ዝግ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲለምኑ፣ እሳቸው እንቢ ሲሉ፣ እሷ ከውስጥ ስታለቅስ፣ ሁሉን አስቀድሜ አየሁት። ሐይቁን ዞረን ስንታጠፍ ድንኳኑ ታየ። ከበሩ ውጭ፣ ከሰዉ ሁሉ ተለይቶ አንድ ሰው ቆሟል። እሳቸው ናቸው። ነጭ ለብሰዋል፣ በላዩ ግን የድሮውን የጣቢያ ሹምነት ቆባቸውን ደፍተዋል።

ወረድኩ። የኪስ ሰዓታቸውን አወጡ፣ አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"አባቴ፣ ዘይቱ ረግቶብኝ ነው" አልኩ።

ሚዜዬ ከኋላዬ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዘይቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ" ብሎ ገባበት።

"ምክንያት አልጠየቅሁም" አሉ። ሰዓቱን ግጥም አድርገው ዘጉት። "አንድ ሾፌር መጣና፣ ዘግይቷል፣ ግን ይመጣል አለኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ሌላ ምን ሰማሁ? ከታች ጣቢያ ይደውሉልኛል፤ ዘግይቷል፣ ግን ይመጣል። ይመጣል የተባለ ባቡር ሳይመጣ ጣቢያዬን ዘግቼ ቤቴ ገብቼ አላውቅም። በሬን የምዘጋው ምንም ሳይልክ ለሚቀር ሰው ነው።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያ በቢላ የሚቆረጠው ሳይሆን፣ የእኛው በጠርሙስ የሚቀዳው።

መኪናዋ አጠገብ ሄዱ። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ከአፍንጫዋ ሥር ወደ ውስጥ ሰደዱ። "ሞቋል?"

"ሞቋል።"

"እንግዲያው አታጥፋው። ከጠፋች ነገ ነው የምትሄዱት።"

እና አልጠፋችም። የሙሽሪት ጓደኞች በሩን እንደ ልማዱ ከልክለው፣ ተለምነው፣ ተገፍተው፣ እኛም ገብተን፣ ምሳው ተበልቶ እስኪያበቃ፣ ሚዜዬ ውጭ መሪው ላይ ተቀምጦ ነዳጅ ረገጥ ረገጥ ያደርጋል። ምግቡንም እዚያው አመጡለት። "ወፍራም ዘይት የወደደ ይጠብቀው" አልኩት። "ላንቺ ብዬ ነው" አለ፣ አፉን ሞልቶ። ጋኔን ይውሰደው፣ ወደድኩት።

ስንወጣ አባትየው በሩ ላይ ቆሙ። ሚዜዬ ከሌሎቹ ጋር በአውቶቡስ ሊመለስ ወረደ፤ እሷ ከጎኔ ተቀመጠች። በእሳት ጥላሸት የቆሸሸውን ሸሚዜን አይታ፣ "ቅቤው እንዴት ነበር?" አለችኝ በጆሮዬ። መልስ ሳልሰጣት አባቷን አየኋቸው። ደረታቸው ወጣ ገባ ይላል። ልጃቸውን ወደዚያ ሙቀት፣ እሳቸው መልሰው ሊወርዱበት ወደማይችሉት አገር መስደዳቸው ነው። እጃቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ አነሱ። ሂዱ ማለታቸው ነው። ሄድን።

ሐይቁን ስንዞር ዘወር ብዬ አየሁ። እጃቸው እንደተነሳ ነው። ደግሜ አየሁ፣ አሁንም እንደተነሳ ነው።

"ምን ሆነው ነው?" አልኳት።

"አባባ ባቡር ሲለቅ እንደዚህ ነው" አለች፣ ዓይኗን ሳትጠርግ። "የመጨረሻው ፉርጎ ከዓይኑ እስኪጠፋ እጁን አያወርድም።"